ከማህፀን በር የሚቆረጠው ስንት ሚሊሜትር ነው?

የመነሻው ጥያቄ

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ገና አልወለድኩም፣ መውለድ ግን እፈልጋለሁ። በምርመራ ኤች ፒ ቪ 16 የሚባለው የቫይረስ ዓይነት ተገኘብኝና ወደ ኮልፖስኮፒ ተላክኩ። እዚያ የማህፀን በሬ በማጉያ መሣሪያ ታየ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም «ሲ አይ ኤን 3» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ሐኪሙ በእርጋታ አስረዱኝ። ካንሰር አይደለም፤ ካልታከመ ግን ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል የሕዋስ ለውጥ ነው፤ ስለዚህ ሊፕ በሚባለው ዘዴ፣ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ቀጭን የሽቦ ቀለበት፣ የተለወጠው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። «ተቆርጦ» ከሚለው ቃል በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። እንደ ገባው ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር፤ ቤቴ ስደርስ የማስታውሰው የቀጠሮውን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ የኢንተርኔት የጥያቄና መልስ መድረክ ላይ ጠየቅኩ። የሚቆረጠው ምን ያህል ነው? ከዚያ በኋላ መጸነስ፣ የጸነሱትንስ እስከ ቀኑ ማቆየት ይቻላል? በራሳቸው ላይ የደረሰባቸው ሴቶች ቢመልሱልኝ እመርጣለሁ ብዬም ጨመርኩ። ይህን ማለቴ ብዙም አልጠቀመኝም፤ የሰማም የገመተም መልሷል። መልሶቹን በመጡበት ተራ፣ በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ያለፈች ናት። አይዞሽ ብላ ጀምራ በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች። ተቆርጦ የወጣውን በፎርማሊን ብልቃጥ ውስጥ አይታዋለች፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ከተኛች እስክትነሳ ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ በሁለተኛው ቀን ሥራ ገብታለች። ጥልቀቱ ስንት ሚሊሜትር እንደ ነበር ግን አታውቅም፤ ይህ የሚጠየቅ ነገር መሆኑ የታያት የእኔን ጥያቄ ስታነብ ነው።

መልስ 2

ሁለተኛዋ አስደነገጠችኝ። አንዲት ዘመዷ ለዚሁ ጉዳይ ገብታ ማህፀኗ ወጥቶ እንደ ተመለሰች ጻፈች። እሷ ራሷም ከሦስት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ወረቀት ተሰጥቷት ነበር፤ ምንም ሳታስነካ ለቀቃት፤ ስለዚህ አትቸኩይ፣ ሰውነት ራሱን ያድናል አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መልስ 3

ሦስተኛው መልስ አጭርና ቆንጣጭ ነበር። ጸሐፊዋ ማህፀንና የማህፀን በር አንድ እንዳልሆኑ ለቁጥር 2 አስታወሰቻት። በሩ የማህፀን የታችኛው ክፍል ሲሆን ርዝመቱ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በሊፕ የሚነሳው ከጫፉ ላይ ጥቂቱ ብቻ ነው። ማህፀን ማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ምክንያቱም ሌላ ነው። ለቀቀኝ ያለችው ለውጥ ወረቀቱ ላይ ደረጃውን የሚያሳየው ቁጥር ስንት እንደ ነበርም ጠየቀቻት። ሲ አይ ኤን 1 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ 2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ወደ ጤናማነት ይመለሳል፤ 3 ከሆነ ግን በተስፋ የሚጠበቅ አይደለም። ቁጥር 2 ለዚህ ጥያቄ በጊዜው መልስ አልሰጠችም።

መልስ 4

ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ብዙ ሰው ያመሰገነው የእሳቸውን መልስ ነው። ከበር እስከ በር ወሰዱኝ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ጭን ላይ ቀዝቃዛ የሚያጣብቅ ንጣፍ ይለጠፋል፤ ኤሌክትሪኩ በሰውነት አልፎ ወደ ማሽኑ የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። ከዚያ የማህፀን በር አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ የታመመው ክፍል ነጭ ሆኖ ይወጣል። አዮዲን ሲቀባ ደግሞ ጤናማው ገጽ ጥቁር ቡናማ ይሆንና የታመመው ሳይቀለም ይቀራል፤ ሐኪሙ የሚቆርጠውን ድንበር የሚያየው እንዲህ ነው። ማደንዘዣው በመርፌ እዚያው በሩ ላይ ይሰጣል። ቀለበቱ ሲያልፍ ሰከንዶች ይበቁታል፤ ረጅሙ ሥራ ዝግጅቱና ደሙን ማቆሙ ነው። ጭሱን የሚስብ ቱቦ እንደ አቧራ መጥረጊያ ማሽን ይጮኻል፤ ሴቶቹን ከምንም በላይ የሚያስደነግጣቸው ይህ ድምፅ ስለሆነ አስቀድመው ያሰሟቸው እንደ ነበር ጽፈዋል። በመጨረሻ ቁስሉ በትንሽ የብረት ኳስ ይተኮሳል፣ ብረት ያለበት ቢጫማ ቡናማ ቅባት ይደረግበታል። ለቀጣዮቹ ቀናት እንደ ጥቀርሻ ያለ ጥቁር ፈሳሽ የሚወርደው ከዚህ ቅባት ነውና አትደንግጪ አሉኝ።

መልስ 5

ቁጥር 5 ላይ የጻፈችው ሴት ተናዳለች፤ ንዴቷም ያለ ምክንያት አልነበረም። የጤና ባለሙያ ሁሉ ትንሽ ቁንጥጫ ነው ይላል፤ የተቆነጠጠው ግን ሌላ ሰው ነው ስትል ጀመረች። መርፌው በተወጋ በደቂቃ ውስጥ ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ደረሰ፣ እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ እየሞተች መሰላት። ማደንዘዣው ውስጥ አድሬናሊን እንዳለና ልብ የሚያስመታው እሱ እንደ ሆነ የነገሯት ከተነሳች በኋላ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ቢናገሩ ምን ይጎዳቸው ነበር? የቁጥር 4ን መልስም ከባለሙያው ወንበር የተጻፈ እንጂ ከተኛችው ሴት ጎን የተጻፈ አይደለም ብላ ነቀፈችው።

መልስ 6 እና 7

አዋላጇ ተመልሰው መጡ። አድሬናሊኑ የደም ሥሮችን አጥብቦ መድማትን ለመቀነስ የሚጨመር መሆኑን፣ የልብ ምቱም በጥቂት ደቂቃ እንደሚረግብ አስረዱ፤ ነገሩን በመጀመሪያው መልሳቸው መዝለላቸው ግን ስህተት እንደ ሆነ በግልጽ ተቀበሉ። ቁጥር 5 ለእሳቸው ምስጋናዋን ጽፋ፣ ይቅርታው ግን ካከሟት ሰዎች መምጣት ነበረበት ብላ ዘጋችው። አንቱታዋን እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም፤ ቁጣና አንቱታ አብረው ሲሄዱ ደስ ይላል።

መልስ 8

ጥያቄዬን በትክክል የመለሱት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ ያሉ ሰው ናቸው። ጥልቀቱ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ የሚወስነው የበሩን ውጭና ውስጥ የሚሸፍኑት ሁለት የሕዋስ ዓይነቶች የሚገናኙበት ቀጠና የሚገኝበት ቦታ ነው። ኤች ፒ ቪ ለውጡን የሚያስከትለው በአብዛኛው እዚያ ነው፤ ስለዚህ ቀጠናው በሙሉ መነሳት አለበት። ቀጠናው ከውጭ በኩል ሙሉ በሙሉ ከታየ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ትንሽ ያነሰ ይበቃል። በበሩ ውስጥ ወደሚያልፈው ቦይ ከገባ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። መጨረሻው የማይታይ ከሆነ ከዚያም ይጠልቃል፤ አንዳንዴም በሽቦው ፈንታ በቀዶ ሕክምና ቢላ፣ በሙሉ ሰመመን፣ በኮን ቅርጽ ይወጣል።

ስለ እርግዝና ያሉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጸነስን በአብዛኛው አያግድም። ጊዜው ሳይደርስ የመውለድ ዕድል ግን ከተቆረጠው ጥልቀት ጋር ይጨምራል፤ ከ10 ሚሊሜትር በታች ሲሆን ጭማሪው ትንሽ ነው፣ ሲጠልቅ ግልጽ እየሆነ ይሄዳል። ሐኪም በጥልቀት ላይ የሚጨነቀውም ለዚህ ነው፤ ጥቂት ከቆረጠ በሽታው ይቀራል፣ ብዙ ከቆረጠ በሩ ይላላል። ስለዚህ ቀጠናዬ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ፣ ስንት ሚሊሜትር ለመውሰድ እንደ ታሰበ ሳልጠይቅ እንዳልተኛ መከሩኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ውይይቱ እዚህ ላይ ቢቆም ይበቃኝ ነበር።

መልስ 9

የሁለት ልጆች እናት ናት። በሊፕ ከታከመች በኋላ የመጀመሪያውን ልጅ ስትጸንስ ለተከታተላት ሐኪም ነገሩን አልነገረችም፤ ያለፈ ነገር መስሏት ነበር። ልጁ በ34ኛው ሳምንት ተወለደ፤ አሁን ደህና ነው። በሁለተኛው እርግዝና ገና በመጀመሪያው ቀን ተናገረች፤ የበሩ ርዝመት በአልትራሳውንድ በየጊዜው ይለካላት ጀመር። ከ25 ሚሊሜትር በታች ሲወርድ በሩ በክር ተሰፋላት፤ 38ኛው ሳምንት ደረሰች። ለእኔ የተወችልኝ አደራ አንድ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ የመጀመሪያዋ ንግግሬ ይህ እንዲሆን።

መልስ 10 እና 11

ቁጥር 10 መቆረጥ ለምን አስፈለገ፣ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ማጥፋት አይቻልም ወይ ስትል ጠየቀች። እሷ በማቀዝቀዝ ዘዴው፣ በክራዮቴራፒ፣ ታክማ ምንም ሳይቆረጥባት ወጥታለች። ቁጥር 11 መለሰችላት፤ በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የምትሠራ ይመስለኛል፣ አነጋገሯ እንደዚያ ነው። ማቀዝቀዝም ማሞቅም ጥሩ ሕክምና ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይቀበለዋል። ነገር ግን ቁስሉ በሙሉ መታየት አለበት፣ ወደ ቦዩ መግባት የለበትም፣ ካንሰር መጠርጠር የለበትም። ከሁሉ በላይ፣ የጠፋ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ አይታይም። በሊፕ የወጣው ግን ተሰንጥቆ ይመረመራል፤ አንዳንዴም በመጀመሪያው ናሙና ያልታየ ካንሰር የሚገኘው በዚህ ነው። ሕክምናም ምርመራም ነው ማለቷ ነው።

መልስ 12

አንድ ሰው፣ በአነጋገሩ ወንድ ይመስለኛል፣ ይህ ሁሉ የሕክምና ገበያ ነው፣ ሳይነካ ቢተው ምን ይሆናል ለሚለው ማን ማስረጃ አለው ሲል ተነሳ። ቁጥር 2ንም ምስክር አድርጎ ጠራት።

መልስ 13

ቁጥር 11 ማስረጃውን ይዛ ተመለሰች፤ ማስረጃው ደግሞ ያማል። በኒው ዚላንድ ኦክላንድ ከተማ፣ ናሽናል ዊመንስ በተባለው ሆስፒታል፣ ከ1966 ጀምሮ ይህ ለውጥ ያለባቸው ሴቶች በሚገባ ሳይታከሙ በክትትል ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ብዙዎቹ የጥናት አካል መሆናቸውን አያውቁም። ጉዳዩ በ1987 አደባባይ ወጣ፤ ዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት የመሩት አጣሪ በ1988 ሪፖርቱን አቀረበ። በ2008 የታተመ ጥናት የሴቶቹን መዝገብ እንደገና ሲያየው፣ ለውጡ ሲ አይ ኤን 3 ሆኖ ናሙና ብቻ ተወስዶላቸው ከቀሩት 143 ሴቶች መካከል በ30 ዓመት ውስጥ 31 በመቶ የሚሆኑት በካንሰር ተይዘዋል። በሚገባ በታከሙት ላይ ይኸው ቁጥር 0.7 በመቶ ነበር። ቁጥር 12 መልስ ሳይሰጥ ወጣ። እኔ ግን 31 የሚለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ብዙ ጊዜ አየሁት፤ ሁሉም አይያዙም ማለት ነው፣ ግን ማን እንደሚያዝ አስቀድሞ የሚናገር የለም።

መልስ 14፣ 15 እና 16

እዚህ ላይ ውይይቱ ከእጄ ወጣ። ቁጥር 14 ቫይረሱን ያመጣው ባሌ ነው ወይስ ከእሱ በፊት የነበረው ስትል ጠየቀች፤ ቁጥር 15 ሌላ ሴት ደግ ባል የዚህ ዓይነት ወረቀት ወደ ቤት አያስገባም አለች። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን እዚህ መድገም አልፈልግም፤ የመድረኩ አስተባባሪ ግማሹን አጥፍቶታል፣ በዚያው አጋጣሚም በሥር ቅጠል ማጠቢያ እሸጣለሁ የሚል ማስታወቂያ ጠርጎ ጥሏል። ተገቢ ነው። ሕዋሱ ያለው በማጠቢያ በሚደረስበት ገጽ ላይ ብቻ አይደለም።

ከጭቅጭቁ መሐል የተረፈው የቁጥር 16 መልስ ነው። ቫይረሱ ዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ካደረጉ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል፣ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይለቃቸዋል። ከማን መቼ እንደ መጣ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ አይቻልም። ለወንዶች የሚደረግ መደበኛ የኤች ፒ ቪ ምርመራም የለም። ቁጥር 14 ይህን ካነበበች በኋላ አመሰግናለሁ ብቻ ብላ ጻፈች። ያቺ አንዲት ቃል ከባድ ነበረች።

መልስ 17

ይህ መልስ የራሴ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነበር። ከመተኛቴ በፊት ጥልቀቱን ጠየቅኩ። ሐኪሙ ትንሽ ቆም አሉ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቃቸው አይመስለኝም። ከዚያ ቀለበቱን ከነማሸጊያው አንስተው አሳዩኝ። ግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው፣ ከመስፊያ ክር ብዙም የማይወፍር ሽቦ ነው። ቀጠናዬ ትንሽ ወደ ቦዩ ስለሚገባ 10 ሚሊሜትር ያህል እንደሚወስዱ ነገሩኝ። መርፌው ሲወጋ ልቤ መምታት ጀመረ፤ ቁጥር 5ን አስታወስኩና ቆጠርኩ። መቶ ሃያ ስደርስ ረገበ። ቱቦው ጮኸ፣ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ሸተተኝ፣ አለቀ። ሕመም ሳይሆን ጫና ነው የተሰማኝ። ለአራት ሳምንት ግንኙነት፣ ታምፖን፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍና ከባድ ነገር ማንሳት ተከለከልኩ።

መልስ 18

ቁጥር 18 ስለ ጤናዬ አንድም ቃል ሳይጽፍ የማህፀን በር የሚለው ቃል ልክ አይደለም፣ የማህፀን ጫፍ መባል አለበት አለ። ሌላ ሰው አንገት ነው ብሎ ጣልቃ ገባ፤ የላቲኑ ቃል አንገት ማለት ነውና። አዋላጇ ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው፤ ለአንዲት ነፍሰ ጡር በር ስትላት ምን እንደሚሠራ ታውቃለች፣ ዘጠኝ ወር ተዘግቶ የሚቆይና በቀኑ የሚከፈት ነገር ነው፤ አንገት ስትላት ግን ምን ትረዳለች? እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ደግሞም ይህ ክርክር በዚያ ሳምንት ከሁሉ በላይ አሳርፎኛል።

መልስ 19 እና 20

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ደም ፈሰሰኝ። በድንጋጤ ጻፍኩ። በሌሊቱ ሰባት ሰዓት የመለሱልኝ አዋላጇ ናቸው፤ መቼ እንደሚተኙ እንጃ። በመጀመሪያ የጠየቁኝ በሰዓት ስንት የንጽሕና መጠበቂያ እንደ ሞላ ነው። አንዱ በሰዓት ሙሉ በሙሉ የሚርስ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ሳልጠብቅ እንድሄድ፤ ካልሆነ ግን ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ የቁስሉ ቅርፊት ሲነሳ መድማት የተለመደ መሆኑን ነገሩኝ። አንዱ ለሦስት ሰዓት በቃኝ። ሲነጋ ቆሟል።

መልስ 21

ውጤቱ መጣና አሰፈርኩት። ጥልቀት 11 ሚሊሜትር፤ ሲ አይ ኤን 3 የተረጋገጠ፤ ካንሰር የለም፤ ተቆርጦ የወጣው ክፍል የውጭው ጠርዝ ንጹሕ፤ የውስጠኛው ጠርዝ ግን ለውጡ ደርሶበታል። ይህን የመጨረሻ መስመር ሳነብ እንደገና የሚቆረጥ መሰለኝ። ቁጥር 1ም እንደዚያው አሰበችና ወዲያውኑ እንዲደገም መከረችኝ። ሐኪሙ፣ የቁጥር 8ቱ፣ አልተስማሙም። ጠርዙ ስለ ተነካ ብቻ ለሁሉም አይደገምም፤ ሽቦው ራሱ ጠርዙን ስለሚያቃጥለው የቀረው ሕዋስ ሊጠፋ ይችላል። በስድስት ወር የሚደረግ የኤች ፒ ቪ ምርመራ በሽታው መቅረቱን ከጠርዙ በተሻለ ይናገራል። በተለይ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ሁለተኛ ቁርጥ የመጀመሪያው ላይ ይደመራል። ሁለት ጊዜ የተቆረጠች አንዲት ሴት ከሐኪሙ ጋር ተስማምታ፣ ምርመራው ነጻ ቢልም ክትትሉ ቢያንስ ለ25 ዓመት እንደሚቀጥል አስታወሰችኝ። የራሴም ሐኪም ያሉት ስድስት ወር ነው።

መልስ 22

ያልጠበቅኩት ይህ ነበር። ቁጥር 2 ተመለሰች። ቁጥር 3 የጠየቀቻትን ለመመለስ አሮጌ ወረቀቷን ፈልጋ አገኘችው፤ ከሲ አይ ኤን ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2 ነው። ለቀቀኝ ያለችውም ምንም ስላልተሰማት እንጂ ተመርምራ አልነበረም፤ በወረቀቱ ግርጌ በስድስት ወር እንድትመለስ ተጽፏል፣ አልተመለሰችም። በዘመዷ ላይ የሆነውም ካንሰር ሆኖ መገኘቱን አሁን ጠይቃ አረጋግጣለች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። የኮልፖስኮፒ ቀጠሮ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይዛለች፤ መርፌው ልብ የሚያስመታው ለስንት ደቂቃ ነው ብላ የጠየቀችው ግን እኔን ሳይሆን ቁጥር 5ን ነው።